ለምዱ የሚወልቅበት ቀን

እናት የሞተችበት ፍጥረት ሁሉ ወደ እህቴ ቤት የሚወስደውን መንገድ ያውቀዋል። ግልገሉ፣ ጥጃው፣ ዓይኗ የጠፋ ባዝራ፣ እግሯ የተሰበረ ሰጎን፣ ክንፉን የተመታ ጉጉት፤ ብቻ በታኩዋሬምቦ ኮረብታዎች ላይ ያነከሰና ያለቀሰ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ከኒልዳ ደጃፍ ይገኛል። እኔ እንስሳ አልወድም። ኋላ ደግ ሴት መስዬ እንዳልታይ ይህን ከአሁኑ ልናገር። በዚህ ቤት ብዙ ዘመን ኖሬያለሁ፤ ከምድጃዬ አጠገብ ሣጥን ውስጥ የተኛ ግልገል ያልነበረበትን ክረምት ግን አላስታውስም። ሾርባዬን ሳማስል ከሥሬ መጥቶ የቀሚሴን ጫፍ ይጠባል። በእግሬ ገፋ ሳደርገው ተመልሶ ይመጣል።

«ዴልሚራ በግ ነፍሷ ነው» ይላል የእህቴ ባል ኤልቢዮ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር እኔን እያሳየ። «ፍም ላይ ከወጣ በኋላ ነው እንጂ።»

ባል አላገባሁም። የሚያጨኝ ጠፍቶ ሳይሆን ምላሴን የሚችል ጠፍቶ ነው ይላሉ። ልብስ እሰፋለሁ፣ ምግብ አበስላለሁ። እንስሳቱ የኒልዳ ናቸው፣ ምድጃውና የስፌት መኪናው የእኔ፣ ኤልቢዮ ደግሞ ማቴ የሚባለውን የቅጠል ሻይ እየመጠጠ በሁለታችን መካከል ይኖራል። እንዲህ ነበር የምንኖረው።

በአገራችን በነሐሴ መጨረሻ፣ በሳንታ ሮሳ በዓል ሰሞን፣ ሳይመጣ የማይቀር ዶፍ አለ። የሚመጣውም ልክ በጎቹ በሚወልዱበት ወር ነው፤ ሰማዩም እንደ እኔ በግ አይወድም መሰለኝ። ዶፉ ሲያባራ ሜዳው ላይ ሁለት ዓይነት ሐዘንተኛ ይቀራል፦ ግልገሏ የሞተባት በግና እናቱ የሞተችበት ግልገል። የማያውቅ ሰው ሁለቱን ማገናኘት ቀላል ይመስለዋል። በግ ግን የሌላዋን ልጅ አታጠባም። ታሸተዋለች፣ የራሷ አለመሆኑን ስታውቅ በግንባሯ ገጭታ ትጥለዋለች፤ በረሃብ እያለቀሰ ቢሞት ዞር ብላ አታየውም።

ስለዚህ የሞተው ግልገል ይገፈፍና ቆዳው እንደ ለምድ ለሕያው ይለበሳል። እግሮቹ በቆዳው ቀዳዳ ይወጣሉ፣ ጅራቱ በጅራቱ ላይ ይውላል፤ በግ ልጇን የምታሸተው ከጅራቱ ሥር ነውና። እናቲቱ ታሸታለች፣ ልጄ ነው ትላለች፣ ታጠባለች። ይህን በአካባቢያችን የማያውቅ የለም። እንደ ኒልዳ የሚያውቅበት ግን አልነበረም። «ዋናው ማልበሱ አይደለም፣ ማውለቁ ነው» ትል ነበር። ሁለት ሦስት ቀን ይበቃል፤ ወተቷ በግልገሉ ሰውነት ካለፈ በኋላ ሽታው የእሷው ይሆናል። ከዚያ በላይ ከቆየ የሟቹ ቆዳ ይበሰብሳል፣ ዝንብ ያርፍበታል፣ ትሉም ከሞተው ወደ ሕያው ይሻገራል። ኤልቢዮ አንድ ዓመት ረስቶ ግልገሉን በትል አስበላው። ኒልዳ ያን ሰሞን ማቴ እንኳን አላቀበለችውም።

አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ ግላዲስ። ቀጭን፣ ለፍላፊ፣ ለእያንዳንዷ ዶሮ ስም የምታወጣ ልጅ። ሽንኩርት የሸተተውን ምግብ አትቀምስም ነበርና በእሷ የተነሳ ሾርባዬ ሁሉ የሕመምተኛ ሾርባ ሆኖ ቀርቶ ነበር። እኔ እበሳጫለሁ፣ እሷ ትስቃለች። በዘጠኝ ዓመቷ ጉሮሮዋን ያዛትና በጥቂት ቀን ውስጥ ሞተች። ስንቱን ጥጃ ከሞት አፍ የመለሰች እህቴ የራሷን ልጅ መመለስ አቃታት። እኔም ከዚያ ወዲህ እግዚአብሔርን በሙሉ ልቤ አመስግኜው አላውቅም፤ ይህንንም እሱ ያውቀዋል።

ኒልዳ የግላዲስን ልብስና ጫማ በሣጥን ቆልፋ ቁልፉን በአንገቷ አሰረች። ከዚያ በኋላ እንስሳ ማየት አቆመች። በዚያ ዓመት ነሐሴ ሰዎች እንደ ልማዳቸው ግልገል ታቅፈው ሲመጡ ከበር ሳትወጣ፣ «እዚህ ያለው ሞት ነው፤ ሌላ ቦታ ውሰዱት» ትላቸው ነበር። የምግብ ሳህኗን እንዳቀረብኩት አነሳዋለሁ። ጉንጯ ጎደጎደ፣ ቀለበቷ ከጣቷ እየወለቀ መውደቅ ጀመረ። ኤልቢዮ አንድ ቀን ከጓሮ ሚስማር ሲመታ አግኝቼው፣ «ምንድን ነው የምትሠራው?» አልኩት። «እኔ እንጃ» አለ። የሚመታው ባዶ ሳንቃ ላይ ነበር።

ዶን ሲፕሪያኖ የመጣው ያኔ ነው። ሲፕሪያኖ በእኛ ዘንድ ትል በቃል የሚያረግፍ ሰው ነው። የበሽተኛይቱን ላም ዱካ ፈልጎ፣ ጭቃውን በቢላ ገልብጦ፣ ጸሎቱን በአፉ ውስጥ ያጉተመትማል፤ ትሉ ይረግፋል ይላሉ። ሲረግፍ አይቻለሁ፣ ሳይረግፍም አይቻለሁ። ዝናቡ እየወረደ ጋሪውን ደጃፋችን አቆመና በኮፍያው ጠርዝ ሥር አየኝ።

«ኒልዳ የለችም?»

«አለች። ግልገል ይዘህ ከሆነ ግን አንተ ሽማግሌ፣ ሳትወርድ ተመለስ።»

«ይሄኛው ግልገል አይደለም» አለና የጋሪውን ሸራ ገለጠ።

ከሸራው ሥር አንዲት ልጅ ተቀምጣለች። ጓዟን በዱቄት ከረጢት ቋጥራ በጉልበቷ ላይ ይዛለች። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል።

«ሚርታ ትባላለች» አለ ሲፕሪያኖ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እናቷ ከወንዙ ማዶ እርሻ ምግብ አብሳይ ነበረች። ሳንባዋን አሟት ማክሰኞ ቀበርናት። አባት የላትም፤ ካላትም አልተናገረም። የገባሁበት ቤት ሁሉ ‹ወደ ኒልዳ ውሰዳት› ይለኛል።»

«ኒልዳ የምትቀበለው በግ ነው እኮ!»

«እኔም ያንኑ ብያለሁ። የሚሰማኝ ጠፋ እንጂ።»

ልጅቷን አስገብቼ ከምድጃው አጠገብ አስቀመጥኳት። ዳቦ ሰጠኋት። ገመድ ላይ የተንጠለጠለውን ሽንኩርት አየት ስታደርግ፣ «ትፈልጊያለሽ?» አልኳት፣ ለቀልድ ያህል። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። አንዱን ልጬ ብሰጣት እንደ ፖም ገምጣ ከዳቦው ጋር በላችው፤ ዓይኗ እንኳን እንባ አላዘለም። እኔ ልጅ ቶሎ አልወድም፤ ይህችን ግን እዚያው ወደድኳት።

ኒልዳ ከጓዳ ወጥታ አየቻት። ልጅቷ ከላይ እስከ ታች ርሳ ትንቀጠቀጣለች። እህቴ ወደ ጓዳ ተመለሰች። የሣጥኑ ክዳን ሲከፈት ሰማሁ። የግላዲስን ሰማያዊ የሱፍ ቀሚስና ጫማዋን ይዛ መጣች። ቀሚሱን የሰፋሁት እኔ ነበርኩ። እርጥቡን ልብስ አውልቃ፣ አድርቃ አለበሰቻት፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈች፣ ጫማውን አጠለቀችላት። ልክክ አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ትኩስ ነገር ቀምሳለች?» አለች።

ከቀብሩ ወዲህ እህቴ ስለ ሰው ስትጠይቅ ያኔ መጀመሪያዋ ነበር። ጥግ ተቀምጦ የነበረው ኤልቢዮ ተነሥቶ ወጣ። በመስኮት ሳየው በፈረሱ አንገት ላይ ግንባሩን ደፍቶ ቆሟል። በዚያች ሰዓት አፉን ከፍቶ ‹ተዉ› የሚል ሰው ከነበረ ልብ የሌለው ነው። እኔም ዝም አልኩ፣ ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ።

ቤቱ ነፍስ ዘራ። ኒልዳ መብላት ጀመረች፣ በጎቹ ዘንድ ወጣች፣ ጡጦዎቹን አጥባ ደረደረች። ልጅቷ ከኋላዋ አትለይም። እጇ ለእንስሳ የተሠራ ነበር፤ ማንንም የማታስጠጋው ሰጎን እንኳን ለእሷ አንገቷን ትዘረጋላት ነበር። ሆኖም ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ ጠዋት ኒልዳ ከጓሮ፣ «ግላዲስ! ባልዲውን አምጪልኝ» ብላ ተጣራች።

ልጅቷ እኔን አየችኝ። ባልዲውን አንሥታ ሄደች።

ኒልዳን ለብቻዋ ሳገኛት፣ «ስሟ ሚርታ ነው» አልኳት። እህቴ ነፋስ በር ያንቋቋ ይመስል በእኔ በኩል ዞር ብላ ተመልሳ ሥራዋን ያዘች።

ከዚያ አንዱ አንዱን እየሳበ ሄደ። ልጅቷ ‹እርስዎ› ስትል፣ «ምን እርስዎ አመጣው፣ እናትሽ አይደለሁም?» ተባለች። ጸጉሯ እንደ ግላዲስ ሁለት ጉንጉን ተጎነጎነ። ሽንኩርት ከፊቷ ሲቀርብ ኒልዳ ሳህኑን እየሳበች፣ «እሷ እኮ ሽንኩርት አትወድም፤ ምን ሆነሻል ዴልሚራ?» ትለኝ ጀመር። ልጅቷም ዓይኗን ወደ መሬት ትሰብራለች። አንድ ቀን ማዕድ ላይ፣ «እናቴ ዳቦ ስትጋግር…» ብላ ስትጀምር ኒልዳ ጣቷን በልጅቷ ከንፈር ላይ አሳረፈችና፣ «ዳቦ የምትጋግረው አክስትሽ ናት» አለቻት፣ በለሰለሰ ድምፅ። ልጅቷ ያን ወሬ ደግማ አላነሣችም።

ልጅ ያድጋል። በጋው ሳያልቅ ሰማያዊው ቀሚስ ብብቷን መቁረጥ ጀመረ። እኔ የስፌት ሰው ነኝ፤ ዓይኔ ሌላ ነገር ቢያልፈው ስፌት አያልፈውም። «አምጪው ጎኑን ልልቀቀው፣ ትርፍ ጨርቅ አለው» አልኩ።

«ልኳ ነው» አለች ኒልዳ።

«የግላዲስ ልክ ነው። ይቺ ልጅ ደግሞ…»

«አትንኪው!»

እንዲህ ጮኻብኝ አታውቅም። ተጣላን። ቅስሜ ተሰብሮ ኤልቢዮ ዘንድ ሄድኩ። እሱ ፈረሱን እየቦረሸ፣ «ተያት ዴልሚራ» አለኝ። «ትበላለች፣ ትተኛለች፣ አንዳንዴም ትስቃለች። ሌላ ምን ፈለግሽ?»

«ልጅቱስ?»

«ልጅቱም ትበላለች» አለ። ግን ዓይኔን አላየኝም።

ነሐሴ ተመልሶ መጣ፣ ዶፉም መጣ። በማግሥቱ ኤልቢዮ ከሜዳ አንዲት በግ እየነዳ ገባ። የሞተ ግልገሏን በኮርቻው ፊት ጭኖታል፤ በብብቱ ደግሞ ሌላ፣ እናቱ ወንዝ ውስጥ የቀረችበት፣ የሚጮህ ግልገል ይዟል። ኒልዳ ቢላዋን አወጣች። ልጅቷን ከጎኗ አስቀምጣ ታስተምራት ጀመር። እኔ ሳልወድ በግድ የግልገሉን እግር ይዣለሁ።

«እዚህ ጋ ትቀጃለሽ። እግሩን በዚህ ታወጪለታለሽ። ጅራቱ በጅራቱ ላይ፤ አየሽ?»

«አየሁ።»

በጊቱ መጣች። ለምድ የለበሰውን ግልገል ከጅራቱ ሥር አሸተተችና የሚያባባ ድምፅ አወጣች፤ ልጇን ያገኘች በግ ብቻ የምታወጣውን ድምፅ። ግልገሉ ጡቷን ያዘ።

«ከነገ ወዲያ ጠዋት ቆዳውን ታወልቂለታለሽ» አለቻት ኒልዳ። «እኛ ከኤልቢዮ ጋር መንጋውን ልንሰበስብ ሜዳ ስለምንውል ይሄ የአንቺ ሥራ ነው።»

«ባይወልቅስ?»

«ይበሰብሳል። ከሥር ያለውን ይገድለዋል።»

ልጅቷ በጊቱን አየች። «ሲወልቅ ባትቀበለውስ እማዬ?»

ኒልዳ ቢላዋን በሣር ጠረገች። «አንዳንዷ አትቀበልም» አለች። ይህን ያለችው ስለ በግ ነበር። የልጅቷን ፊት ያየሁት ግን እኔ ነኝ፤ ደም የሚባል አልነበረውም።

ከዶፉ በኋላ የወጣው ፀሐይ ያለ ወጉ የሚያቃጥል ነበር። ኒልዳና ኤልቢዮ ጎሕ ሲቀድ ወጥተው ጀንበር ስታዘቀዝቅ ይመለሳሉ። ልጅቷ በጊቱንና ግልገሉን ወደ ኋለኛው በረት ወሰደቻቸው። ኒልዳ ስትመለስ፣ «ግልገሉ እንዴት ነው?» ብላ ትጠይቃለች፤ «ይጠባል» ትላታለች። እውነቷን ነው፣ ይጠባ ነበር። ቆዳው ወለቀ ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። ሥራው የአንቺ ነው ከተባለች አንድም ቀን ያጎደለችው ነገር አልነበረማ።

ሲፕሪያኖ በዚያ ሳምንት ትል የገባባቸውን በጎች ሊያክም መጥቶ ከኤልቢዮና ከኒልዳ ጋር በኋለኛው በረት በኩል ሲያልፍ ቆም አለ። «ትል ይሸተኛል» አለ። ኒልዳ አጥሩን ዘላ ገባች። ግልገሉ ጥግ ላይ ጀርባውን ቆልምሞ ቆሟል። ለምዱ አሁንም ላዩ ላይ ነው፤ አረንጓዴ ሆኗል፣ ዝንብ ወሮታል። ኒልዳ በቢላዋ ቀድዳ ስታነሣው ከሥሩ የታየውን አልናገረውም። ሲፕሪያኖ ዱካ ፍለጋ ሲጎነበስ፣ «አንተ ጸሎትህን፣ እኔ መድኃኒቴን» አለችውና ጥቁርና ኃይለኛ ሽታ ያለውን የቁስል መድኃኒት በግልገሉ ጀርባ ላይ አፈሰሰች።

«ግላዲስ!»

ልጅቷ መጣች። እኔም ጩኸቱን ሰምቼ ከኋላዋ ደረስኩ።

«ምን ብዬሽ ነበር? ምን ብዬሽ ነበር እኔ?»

«ላወልቀው መጥቼ ነበር» አለች ልጅቷ፣ የአጥሩን እንጨት ይዛ። «በቀኑ መጥቼ ነበር። ስትልሰው አገኘኋት። ደስ ብሏት ነበር።» ፊቷን ወደ በጊቱ መለሰች። «ብታባርረውስ ብዬ…»

ኒልዳ የበሰበሰውን ቆዳ ከአጥሩ ወዲያ ወረወረችው። ኤልቢዮ በአካፋ አንሥቶ ወስዶ ቀበረው። እህቴ እጇን በመድኃኒቱ ታጠበች፣ ደግማ ታጠበች። ከዚያ ቀና ብላ አየሩን ማሽተት ጀመረች።

«ሽታው አልሄደም» አለች።

«አፍንጫሽ ላይ ቀርቶ ነው» አለ ኤልቢዮ።

«አይደለም።»

ቀስ ብላ ተራመደች። ወደ ውኃ ገንዳው ሄዳ ተመለሰች። በጊቱን አልፋ ሄደች። ልጅቷ ዘንድ ስትደርስ ቆመች። ልጅቷ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ስትሸሽ እግሯ አልታዘዝ አላትና አነከሰች። በግ ከኮረብታ ማዶ ሲያነክስ በሚታወቅበት በዚያ ቤት ውስጥ፣ ይህችን ልጅ ስታነክስ አንዳችንም አላየናትም ነበር።

«ጫማሽን አውልቂ።»

«ደህና ነው እማዬ።»

«አውልቂው አልኩሽ።»

ሞከረች። አልወልቅ አለ። ኒልዳ ጭቃው ላይ ተንበረከከች፣ ለምዱን የቀደደችበትን ቢላ አነሣችና የግላዲስን ጫማ ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ጣቱ ሰነጠቀችው። ልጅቷ ተረከዟ እንዳይላጥ የበግ ጠጉር ጠቅጥቃበታለች፤ ጠጉሩ በደምና በመግል ከሥጋዋ ጋር ተጣብቋል። ጣቶቿ እርስ በርስ ተጣጥፈው ሥር ገብተዋል፤ የትልቁ ጣት ጥፍር ጠቁሮ ተንጠልጥሏል። ሲፕሪያኖ ኮፍያውን አወለቀ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ኒልዳ። ድምፅዋን አላወቅሁትም።

ልጅቷ እግሯን ትታ የተሰነጠቀውን ጫማ ነበር የምታየው። ያን ሁሉ ሕመም ችላ ያላለቀሰችው ልጅ አሁን ማልቀስ ጀመረች። «ተቀደደ» አለች። «የግላዲስ ጫማ ተቀደደ። ካልሆነኝ እኮ… ካልሆነኝ ግላዲስ አይደለሁም።»

እህቴ ቢላዋን ይዛ ጭቃው ላይ እንደተንበረከከች ቀረች። ልጅቷን ተሸክሞ ያስገባት ኤልቢዮ ነው።

ነርስ ከከተማ አስመጣን፣ መርፌ ወጋቻት። «ትንሽ ቆይታችሁ ቢሆን እግሯ ይቆረጥ ነበር» አለች። ኒልዳ ጠዋት ማታ ቁስሉን በጨው ውኃ ታጥባለች፣ ታስራለች፣ ትነሣለች። ግን አትናገርም። ልጅቷን በማንኛውም ስም አትጠራትም። ሰማያዊውን ቀሚስ አውልቃ የኤልቢዮን ሸሚዝ አለበሰቻት፤ ቀሚሱንና የተሰነጠቀውን ጫማ ሣጥኑ ውስጥ መልሳ ቆለፈች። ልጅቷም ‹እማዬ› ማለት አቆመች፤ ‹እርስዎ› ተመልሶ መጣ። እኔ እንደዚያ ሰሞን ፈርቼ አላውቅም። ለምዱ ወልቋል፤ እህቴ ደግሞ ዞር ብላ አታያትም። አንዳንዷ አትቀበልም ያለችው ቃል በየሰዓቱ ጆሮዬ ላይ ይጮህ ነበር። ሲፕሪያኖ ሊሄድ ሲል፣ «ቅዳሜ በዚህ በኩል ነኝ። ካስፈለገ ጋሪው ባዶ ነው» አለኝ። ልጅቷ በሩ ሥር ቆማ ይህን ሰማች።

ቅዳሜ ጠዋት ከበጊቱ ተለይቶ ሲታከም የሰነበተው ግልገል ጀርባው ጠገግ ይዞ ነበርና ወደ በጊቱ ሊመልሱት አወጡት። ልጅቷ እየተመረኮዘች አጥሩ ዘንድ መጣች። ግልገሉ የራሱን ቆዳ ብቻ ለብሶ፣ አጥንቱ ወጥቶ፣ እየጮኸ ሄደ። በጊቱ አንገቷን ዘርግታ አሸተተችው። ወደ ኋላ አለች። ከጅራቱ ሥር ደግማ አሸተተች። ከዚያ በግንባሯ ገጨችውና ጭቃ ላይ ተንከባለለ። ተነሥቶ ተመለሰ፤ ደግማ ገጨችው። ኤልቢዮ፣ «መድኃኒቱ ነው፣ የመድኃኒቱ ሽታ ነው» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

ልጅቷ ጨርሳ አላየችም። ተመልሳ ወደ ቤት ገባች። ተከትያት ስገባ ከአልጋዋ ሥር ያችን የዱቄት ከረጢት ጎትታ እያወጣች ነው። የእናቷ ማበጠሪያ አለባት። የለበሰችውን ሸሚዝ ዳሰሰችና ቀና ብላ አየችኝ።

«አክስቴ፣ ሸሚዙን ለብሼው ብሄድ ዶን ኤልቢዮ ይቆጡኛል?»

ምላስ አላት የምባለው ሴት የሸሚዙን ኮሌታ አቃናሁላት።

ኒልዳ ግልገሉን በብብቷ ይዛ ገባች። ከረጢቷን አየች። ግልገሉን ምድጃው አጠገብ ባለው ሣጥን ውስጥ አስተኛችው፣ እጇን ታጠበች፣ ከገመዱ ላይ ሽንኩርት በጠሰችና መክተፍ ጀመረች። በእኔ ምድጃ፣ በእኔ መጥበሻ፣ ሳትጠይቀኝ። ስቡ ሲንጫጫ፣ ሽንኩርቱ ሲቀላ ኤልቢዮም ገብቶ ሁላችንም ቆመን እናያታለን። ሳህን ላይ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ነይ ብዪ።»

«ዶኛ ኒልዳ፣ ዶን ሲፕሪያኖ ሲመጡ እኔ…»

«ያቺ በግ ናት፣ ሚርታ። እኔ አይደለሁም።»

ስሟን ስትጠራ ያኔ መጀመሪያዋ ነው። ልጅቷ ከረጢቷን እንደያዘች ቆመች። ሳህኑን አየች።

«ግላዲስ ሽንኩርት አትወድም» አለች፣ ፈራ ተባ እያለች።

«አትወድም ነበር» አለች እህቴ። ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች። «ግላዲስ ሞታለች። አንቺ ብዪ።»

ቀብሩ ላይ እንኳን ይህን ቃል አላወጣችውም ነበር። ሚርታ ተቀመጠችና በላች፤ መጀመሪያ በሹካ፣ ኋላ በዳቦ እየጠረገች። ኒልዳ ከኋላዋ ቆማ ፊቷን በልጅቷ ጸጉር ውስጥ ቀበረች፤ ረጅም ጊዜ እንደዚያ ሆና ቆየች። የሲፕሪያኖ ጋሪ ደጃፍ ሲቆም ኤልቢዮ ወጥቶ የሆነ ነገር ነገረው፣ ጋሪው ሄደ።

እኔ መለኪያዬን አወጣሁ። ሚርታን ከወንበሩ ላይ አስነሥቼ ትከሻዋን፣ ደረቷን፣ ቁመቷን ለካሁ። ኒልዳ ጡጦውን ግልገሉ አፍ ውስጥ ከታ ምድጃው ሥር ተቀምጣለች። ዓይኗን ከግልገሉ ሳታነሣ፣ «ያን ጊዜ አልጨረስሽልኝም» አለች። «እናትሽ ዳቦ ስትጋግር ምን ታደርግ ነበር?»

ሚርታ እጇን በመለኪያዬ ውስጥ ዘርግታ ቆማለች።

«የተጠበሰ የስብ ቅርፊት ትጨምርበት ነበር» አለች። «ብዙ ስብ። ሽንኩርትም።»